የላፍቶ ውሃ ወዴት ይሄዳል?

የላፍቶ ልጅ አቅጣጫ ለማወቅ ኮምፓስ አያስፈልገውም ነበር። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ በትምህርት ቤታችን ግቢ መሃል የቆመ ሰው ማዕዘኑን ሁሉ በተራራ ይለያል፦ በሰሜን እንጦጦ፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በምሥራቅ የረር፣ በደቡብ ምዕራብ ደግሞ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ፉሪ። አየሩ እጅግ በጠራባቸው የጥቅምት ጠዋቶች ራቅ ብሎ በስተደቡብ የዝቋላ ጫፍ ብቅ ይላል። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ላፍቶ ባለ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስመደብ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚባል ክፍለ ከተማ ገና አልነበረም፤ ሰፈሩ በከፍተኛና በቀበሌ ይጠራ ነበር። ከአጥራችን ወዲያ ጤፍና ሽምብራ ይዘራል፤ ከብት ይሰማራል፤ ሲመሽ ከወንዙ በኩል ጅብ ይጮኻል።

የማስተምረው ትምህርት ስሙ ይለዋወጥ ነበር እንጂ ጉዳዩ ያው ነው። መጀመሪያ ኅብረተሰብ ትምህርት ይባል ነበር፤ ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ለታችኞቹ ክፍሎች አካባቢ ሳይንስ ተባለ። ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል እንደ ምደባዬ ስዘዋወር የመሬት ገጽታን፣ ካርታን፣ የአፈር መሸርሸርንና ቅሪተ አካልን በየምዕራፋቸው አስተምሬአለሁ። መጽሐፉ ለየብቻ አስቀምጧቸዋል፤ ፈተናውም ለየብቻ ይጠይቃል። አራቱም የአንድ ታሪክ ክፍሎች መሆናቸው የተገለጠልኝ ግን ቀስ በቀስ፣ ከልጆች ጥያቄ ነው።

ስልሳ ሰባ ልጅ በሚታጨቅበት ክፍል «እስቲ ተራራ ጥቀሱ» ስል የማይወጣ እጅ የለም። መልሱም አንድ ነው፦ «ራስ ዳሸን!» በመስኮት ወለል ብሎ የሚታየውን ፉሪን የሚጠራ አልነበረም። ተራራ ማለት መጽሐፍ ውስጥ ያለ፣ ሩቅ አገር ያለ፣ ቁጥር የተጻፈለት ነገር ነው። ፉሪ ደግሞ ፉሪ ነው፤ የአጎት አገር፣ እንጨት የሚለቀምበት፣ ጭጋግ ሲያርፍበት ዝናብ መምጣቱ የሚታወቅበት። ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ የሚል የጥንት እሳተ ገሞራ መሆኑን ስነግራቸው መጀመሪያ ይስቃሉ። ቀጥሎ ወደ መስኮቱ ይዞራሉ። ከዚያ ዝም ይላሉ፤ «አሁን ቢነሳስ?» የሚል ፍርሃት እንደሆነ ፊታቸው ይናገራል።

ዝቋላ ከሁሉም ይበልጥ ይደንቃቸው ነበር። ስሙን የማያውቅ የለም፤ በመጋቢትና በጥቅምት አቦ አያቶቻቸው ይሳለማሉ፤ ጠበሉም በየቤቱ በጠርሙስ ተቀምጧል። 2,989 ሜትር ከፍታ ያለው ያ ተራራ እሳት ይተፋ እንደነበር፣ ሐይቁ የተኛበት ጎድጓዳም የእሳቱ አፍ እንደነበር ሲሰሙ አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ ብድግ ብላ «እትዬ፣ እሳት ከነበረበት ጠበል ወጣ ማለት ነው?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የመሬት ገጽታን ትምህርት ከራስ ዳሸን ጀምሬ አላውቅም። ከፉሪ እጀምራለሁ፣ በዝቋላ አልፋለሁ፣ ስሜን ተራሮች የምደርሰው በመጨረሻ ነው።

ካርታ ሌላ ነገር ነው። ያኔ ከጽሕፈት ቤት ግድግዳ በስተቀር የታተመ ትልቅ ካርታ የትም አይገኝም፤ የምንሠራው በፔዳጎጂ ክፍል በእጃችን ነበር። የስንዴ ማዳበሪያ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ በሚስማር ተወጥሮ ነጭ ቀለም ይቀባል። ከአትላስ ላይ ያለችው ትንሽ ካርታ በካሬ ትከፋፈላለች፤ በማዳበሪያው ላይም ያንኑ ያህል ካሬ በትልቁ ይሰመራል። ከዚያ ካሬ በካሬ እየተገለበጠ ኢትዮጵያ ትወጣለች። ልጆቹ ስኬል ምን እንደሆነ የሚገባቸው በቃሉ ትርጉም ሳይሆን በዚህ ሥራ ነበር፤ እዚያ አንድ ጣት የነበረው እዚህ አንድ ክንድ ሲሆን በዓይናቸው ያዩታል።

የመጀመሪያዋ ካርታችን ባሕር ነበራት። ቀይ ባሕርን በሰማያዊ፣ ምፅዋንና አሰብን በቀይ ነጥብ፣ ክፍለ ሀገሮቹን እያንዳንዳቸውን በየቀለማቸው ቀብተናቸው ነበር። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ አገር ሆነች። ክፍለ ሀገር የሚባለው ቀርቶ ክልል መጣ፤ በሽግግሩ ዘመን በቁጥር እስከ 14፣ ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ 9፣ ዛሬ ደግሞ 12። አዲስ ማዳበሪያ ከየት ይመጣል? የድሮውን ገልብጠን በጀርባው ሣልንበት። ቀለሙ ግን ወዲያ ማዶ ዘልቆ ኖሮ በፀሐይ ፊት ሲያዝ ሰማያዊው ይታያል። ከዓመታት በኋላ የገቡ ልጆች «ከኋላ ያለው ሰማያዊ ምንድን ነው?» ይሉኛል። የነበረውን እነግራቸዋለሁ። ቤታቸው ሄደው የሚሰሙት እኔ ከነገርኳቸው ይበልጥ የመረረ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ አባቱ አሰብ ወደብ የሠራ ልጅ ነበር፣ እናቷ ከአስመራ የመጣች ነበረች። በአንድ ክፍል ውስጥ ያለ ካርታ ለሁሉም እኩል አይነበብም።

ቁጥሮቹም ይለወጡ ነበር። እኔ ተማሪ ሳለሁ የራስ ዳሸን ከፍታ 4,620 ሜትር ነው ብዬ ሸምድጄአለሁ፤ በኋላ የመጡት መጻሕፍት 4,533 አሉ። የአፋር ረባዳ መሬት ከባሕር ወለል በታች 116 ሜትር ነበር፤ ኋላ 125 ሆነ። ታላላቅ ወንድሞች በአሮጌው፣ ታናናሾች በአዲሱ እየማሉ ጠብ ይዘው ይመጣሉ። «ተራራው አጠረ እንዴ?» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ አለ። ተራራው እንዳላጠረ፣ የተሻሻለው መለኪያው እንደሆነ ማስረዳት ቀላል ነው። ከባዱ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ ድንበሩን የለወጠው ማነው? ተራራውንስ የሚለውጠው ማነው? ድንበር በአንድ ትውልድ ውስጥ ሁለትና ሦስት ጊዜ ተሠመረ። ተራራውን ግን ያለ ፓርላማ በየክረምቱ ቅንጣት በቅንጣት የሚያወርደው ሌላ ኃይል አለ፤ ልጆቹም በየቀኑ በጫማቸው ተሸክመውት ይመጣሉ።

የላፍቶ መሬት ዋልካ ነው። ክረምት ሲገባ ያብጣል፣ ጫማ ይዞ ያስቀራል፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ የገባበትን እርሳስ አይመልስም። ግንበኞች ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ዋልካውን ጠርገው አውጥተው ቀይ አሽና ድንጋይ ካልሞሉበት በስተቀር ግድግዳው ዓመት ሳይሞላው ይተረተራል። የአፈር መሸርሸርን ለማስተማር ያለን ላቦራቶሪ ይኸው ነበር። የዘይት ቆርቆሮ በቁመቱ ሰንጥቀን ሁለት ገንዳ እንሠራለን። በአንዱ ባዶ አፈር፣ በሌላው ከነሥሩ የተነሳ ሣር ይገባል። ሁለቱንም እኩል አዘንብለን፣ በሚስማር በተበሳ ጣሳ እኩል ውሃ እናዘንባለን፣ የወረደውን በሃይላንድ ጠርሙስ እንቀበላለን። ከሣሩ የወረደው ሻይ ይመስላል፤ ከባዶው የወረደው ጥቁር ጭቃ ነው። ጠርሙሶቹን መስኮት ላይ አሳድረን በማግስቱ ስናያቸው ጠጠሩ ከታች፣ አሸዋው ከላዩ፣ ድቃቁ ጭቃ ከሁሉም በላይ ሆኖ በመሶብ እንደተደራረበ እንጀራ ተደርድሮ ይገኛል። «ደለል» የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ያን ጊዜ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ዶፍ ጥሎ ባባራበት ከሰዓት፣ ልጆቹን ይዤ ከግቢው ጀርባ ወዳለው ቦይ ወጣሁ። ጥያቄዬ አንድ ነበር፦ ይህ ውሃ ወዴት ይሄዳል?

«ወንዝ!»

«የቱ ወንዝ?»

«ትንሹ አቃቂ!»

«ከዚያስ?»

«ትልቁ አቃቂ!»

«ከዚያስ?»

ዝምታ ሆነ። ከዚያ አንዱ በሙሉ ልብ «ባሕር» አለ። ሌሎቹም ተስማሙ፤ ውሃ ሁሉ መጨረሻው ባሕር ነዋ።

የላፍቶ ውሃ ግን ባሕር አይደርስም። ይህን በካርታ ላይ በጣት እየተከተልን ያገኘነው ዕለት በሥራ ዘመኔ ካለፉት ትምህርቶች ሁሉ የማልረሳው ነው። ትንሹ አቃቂ በመካኒሳና በላፍቶ ጎመንና ሰላጣ ከሚተከልበት ዳር ዳር ወርዶ፣ ከከተማዋ ምሥራቅ ከመጣው ከትልቁ አቃቂ ጋር አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛል። አባ ሳሙኤል በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመብራት የተገደበ ውሃ ነው፤ ደለል ውጦት ለአሥርት ዓመታት ሥራ አቁሞ ኖሮ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ውሃው አዋሽን ይቀላቀልና ቆቃ ይገባል። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀ ግድብ ነው፤ እርሱም በየክረምቱ ከደጋ የሚመጣ አፈር ይሞላዋል። ልጆቹ በሃይላንድ ያዩትን ጥቁር ጭቃ በሐሳባቸው እዚያ ድረስ አወረዱት። አዋሽ ከቆቃ በኋላ ስምጥ ሸለቆን ይዞ በመተሐራ በኩል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይታጠፋል፣ የአፋርን በረሃ ያቋርጣል፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅቡቲ ድንበር ላይ ካለው ከአቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ባሕሩ ቅርብ ነው፤ አዋሽ ግን አይደርስበትም። እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር የወንዙን መጨረሻ ፍለጋ በአፋር በረሃ ተጉዞ እ.ኤ.አ. በ1934 እዚያ መድረሱን ስተርክላቸው፣ ከኋላ ወንበር አንዱ «እኛ ደግሞ ከመነሻው አለን» አለ። የአዋሽ ዋና መነሻ በግንጪ በኩል መሆኑን ባውቅም አላረምኩትም፤ ቦያችን አንዱ መነሻ ነው።

ጣታችን አዋሽን ተከትሎ አፋር ሲደርስ ካርታው ላይ ሐዳር የሚል ቃል አገኘን፤ የጥንቷ ድንቅነሽ አጽም የተገኘበት ቦታ ነው። አራተኛው ምዕራፍ፣ ቅሪተ አካል፣ ሳንጠራው መጣ።

ቅሪተ አካልን በላፍቶ ማስተማር አስቸጋሪ ነው። የአካባቢያችን ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው፤ የቀለጠ ድንጋይ ያገኘውን ሁሉ ያቃጥላል እንጂ አጥንት አያስቀምጥም። ስለዚህ ቅጠልና የዶሮ አጥንት ጭቃ ላይ አትመን፣ ቅርጹ ላይ ጀሶ አፍስሰን እናደርቃለን፤ አጥንቱ ቢጠፋም ምስሉ እንደሚቀር ያያሉ። አካሉን ይህ ያስረዳል። ጊዜውን ግን አያስረዳም። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ሚሊዮን ማለት «ብዙ» ማለት ብቻ ነው፤ አያቱም፣ አክሱምም፣ ድንቅነሽም «ድሮ» ናቸው።

ስለዚህ ጊዜን በእግር መለካት ጀመርን። አንድ እርምጃ 1,000 ዓመት ይሁን ተባባልን። ከበሩ ተነሥተን እንቁጠር። ዐድዋ? እግር ሳይነሳ ታለፈ። ላሊበላ? አንድ እርምጃ አይሞላም። የአክሱም ሐውልቶች? ሁለተኛው እርምጃ አላለቀም። ልጆቹ ግራ ገባቸው፤ ታሪክ ብለው የሚያውቁት ሁሉ ከበሩ ሥር ሳይርቁ አልቋል። «ድንቅነሽስ?» 3,180 እርምጃ። እየጮኹ እየቆጠሩ በአስፋልቱ ዳር ተጓዙ፤ ሱቁን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ የታክሲ ተራውን አለፉ። መንገደኛ ቆሞ አየን፤ አንድ አዛውንት «ምን ሆነው ነው ልጆቹ?» አሉኝ። «ጊዜ እየለኩ ነው፣ አባባ» አልኳቸው። ከ2,000 በኋላ ድምፃቸው ሰለለ፣ ከ3,000 በኋላ የሚቆጥሩት ጥቂቶች ነበሩ። የደከመው እግራቸው ሚሊዮን ምን እንደሆነ ከእኔ ምላስ የተሻለ አስረዳቸው።

በዚያው ዓመት አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ወሰድናቸው። አውቶቡሱ ከላፍቶ ተነሥቶ ሽቅብ እየወጣ ሲሄድ አዲስ አበባ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ያዘነበለች ከተማ መሆኗን በሞተሩ ጩኸት እያሳየሁ ነበር። ድንቅነሽ ፊት ሲቆሙ መጀመሪያ የተናገሩት «ትንሽ ናት» ነው። እውነት ነው፤ ቁመቷ የእነሱን ያህል ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ሐዳር ላይ ሲያገኟት መጀመሪያ ያዩት የክንድ አጥንት ስባሪ ነበር፤ ከዚያ የተለቀመው ሁሉ ተገጣጥሞ የአንዲት ፍጡርን አጽም 40 በመቶ ያህል ሆነ። ቆፍረው አይደለም መጀመሪያ ያዩት። አጥንቱ ጎርፍ በቦረቦረው ተዳፋት ላይ ራሱ ወጥቶ ነበር።

ይህን ስናገር ከልጆቹ አንዱ እጁን አወጣ። ጸጥተኛ ልጅ ነበር፤ ሃይላንዱን ይዞ ጭቃው እስኪረጋ ሲጠብቅ የነበረው እርሱ ነው።

«እትዬ፣ መሸርሸር ጠላት ነው ብለውን ነበር። ታዲያ ድንቅነሽን ያወጣት እርሱ ከሆነ፣ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?»

በመጽሐፉ ውስጥ መልስ የለውም። በመጽሐፉ ውስጥ መሸርሸር መጥፎ ነው፤ መከላከያውም እርከንና ዛፍ ተከላ ነው። ይህ እውነት ነው። ለብዙ ዓመታት በአገራችን የአፈር ጥበቃን ያጠናው ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ ከደጋው የሚታረስ መሬት በዓመት በሄክታር በአማካይ 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምቷል፤ ዐለት ፈርሶ በምትኩ የሚፈጠረው አፈር ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ነገር ግን ልጁ ያለውም እውነት ነው። ድንቅነሽን የቀበራት ደለል ነው፤ ደለሉም ከሆነ ደጋ ተሸርሽሮ የመጣ ነው። በላዩ እሳተ ገሞራ አመድ ረጨበት፤ ዕድሜዋም የታወቀው በዚያ አመድ ነው። የገለጣትም ጎርፍ ነው። መሸርሸር ባይኖር አትቀበርም፤ ባትቀበር አትቆይም፤ ባይሸረሸር አትታይም። ተራራ፣ ጎርፍ፣ ደለል፣ አጥንት፤ አራቱ ምዕራፎች በአንድ ወንዝ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል።

እዚያው ሙዚየሙ ውስጥ የመለስኩለት መልስ ዛሬም የማምንበት ነው፦ ጥሩም መጥፎም የሚያደርገው ፍጥነቱ ነው። ተራራን በሚሊዮን ዓመት የሚያወርድ ውሃ ሜዳ ይሠራል፣ አፈር ይዘረጋል፣ ታሪክ ይቀብራል፣ ታሪክ ያወጣል። ያንኑ ሥራ እኛ ዛፉን ቆርጠን፣ ዳገቱን አርሰን በአንድ ሰው ዕድሜ ስናስፈጽመው ግን የሚወርደው የልጆች ምሳ ነው። ልጁ ትንሽ አሰበና «ታዲያ ቀስ ይበል ነው የምንለው» አለ። እርከን ምን እንደሚሠራ ከዚህ ባጠረ ቃል ሲነገር አልሰማሁም።

ከአለም ገና ተነሥቶ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ፣ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ እንደ ሐዳር በአዋሽ ዳር ያለ ሌላ የቅሪተ አካል ቦታ፣ መልካ ቁንጡሬ፣ አለ። ውሃችን በዚያ አያልፍም፤ አቃቂ አዋሽን የሚቀላቀለው ከመልካ ቁንጡሬ ወዲህ ታች ነው። ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1963 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ሆላንዳዊው የውሃ ባለሙያ ጄራርድ ደከር ነው፤ ከዚያ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ለብዙ ዓመታት ቆፈረው። በድንጋይ መሣሪያዎቹም ታወቀ። እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የሰማሁት ግን ስለ ልጆች ነው። 700,000 ዓመት ባስቆጠረ ጭቃ ላይ ከአዋቂዎች ጋር የሕፃናት ዱካ ተገኘ፤ በእኛ እርምጃ 700። ደግሞም በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተገኘው የሁለትና ሦስት ዓመት ሕፃን መንጋጋ 2 ሚሊዮን ዓመት ያህል እንደሆነው ተረጋገጠ። መልካ ቁንጡሬ ከጎረቤቱ ከባልጪት ጋር በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ ሲቆጥሩ ድምፃቸው የሰለለው ልጆች ትዝ አሉኝ። ዛሬ የልጆች አባትና እናት ናቸው፤ ከመካከላቸው መሬት መለካትን ሙያ ያደረገም አለ።

ሰፈራችንን አሁን የሚያይ ሰው የነገርኩትን ሁሉ ላያምን ይችላል። ሽምብራ የነበረበት ጀሞ በኮንዶሚኒየም ተሞልቷል። በለቡ በኩል በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር ይነሳል። ቦያችን ቱቦ ውስጥ ገብቷል፤ ፉሪም ከትምህርት ቤቱ መስኮት አይታይም፣ ፎቅ ጋርዶታል። አንዳንድ ባልደረቦቼ «ድሮ ቀረ፣ አሁን ምን ይታያል?» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ከተማው መሬቱን ሸፈነው እንላለን፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ፎቅ መሠረት ሲቆፈር፣ ለእያንዳንዱ መንገድ ዳገት ሲቆረጥ እኛ በዘይት ቆርቆሮና በሃይላንድ ልናሳይ የደከምንበት ሁሉ ወለል ብሎ ይታያል፤ ከላይ ጥቁሩ ዋልካ፣ ከሥሩ የበሰበሰው ቡናማ ዐለት፣ ከዚያ ድንጋዩ። እኔ ባስተማርኩበት ዘመን ይህን ለማየት ርቆ መሄድ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ በየመንደሩ በር ላይ ነው፤ የሚቆየው ግን ኮንክሪቱ እስኪሞላ ነው።

ስለዚህ ወጣት መምህራን ምክር ሲጠይቁኝ አዲስ መርጃ መሣሪያ አላዛቸውም። አሠሪውን አስፈቅዱ፣ ከጉድጓዱ ጠርዝ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ ልጆቹ ከላይ እስከ ታች ያዩትን ይሣሉ። ዝናብ ሲያባራ ደግሞ ቱቦው አፍ ድረስ ውሰዷቸውና ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ጠይቋቸው፤ «ባሕር» ሲሏችሁ ካርታውን ዘርጉላቸው። ራስ ዳሸን ከዚያ በኋላ ይደርሳል።